ሰርዶ ሜዳን ያደረቀው

ወረታ መጥታችሁ እንግዳው የት ነው ብትሉ፣ «የትኛው እንግዳው? ተጠራጣሪው?» ይሏችኋል። እሱ እኔ ነኝ። አይከፋኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም እንዴ? እኔ ደግሞ አንዴ ተመንጥሬ ነው የተማርሁት። የዛሬ ስድስት ዓመት ቁሐር ሚካኤል ባለችው የሩዝ ማሳየ ላይ አረም ቢበረታብኝ ከገበያ የአረም መድኃኒት ገዛሁ። ታሽጓል፣ ሥዕል አለው፣ ጽሑፍ አለው። ረጨሁት። አረሙ ጭራሽ ወዛ እላችኋለሁ! ለካስ ሻጩ ግማሹን ቀድቶ በውሃ ሞልቶታል። በዚያ ዓመት ከሩዝ ይልቅ እንግጫ አጨድሁ። ከዚያ ወዲህ የታሸገ ነገር ባየሁ ቁጥር ማን ከፍቶት ይሆን ሳልል አልቀርም።

ሥራየ ሜዳ መጠበቅ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ነጋዴውና የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ያሠራው የኳስ ሜዳ አለ፤ ሰርዶ ሜዳ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሣሩ ነው። ሣሩን የተከልሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ አገሩን ሁሉ ይሸፍናል፤ ቢረግጡት ይብስበታል እንጅ አይሞትም። ጠላቱ እንግጫ ነው። ፎገራ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነውና ክረምት በገባ ቁጥር እንግጫው በሰርዶው መካከል ብቅ ብቅ ይላል። ዛሬ ቢያጭዱት በሦስተኛው ቀን ከሰርዶው በላይ ቁሞ ይታያል። ኳሱን ያነጥራል፣ ተጫዋቹን ይጥላል።

እኔና ሚስቴ ሙናዬ ክረምት ክረምቱን እንበረከክና በእጃችን እንነቅለዋለን። ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል ደግሞ የሰፈሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሊነቅሉ ይመጣሉ። ጎንጉነው በራሳቸው ላይ ያስሩታል፣ በቤት ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል፤ ያገራችን ልማድ ነው። እኔም በሩን ወለል አድርጌ እከፍትላቸዋለሁ። ንቀሉ ልጆቸ፣ ሥራየን አቃለላችሁልኝ እላቸዋለሁ። እንዲህ ስንኖር ስንኖር፣ እንግጫው ግን በየዓመቱ እየባሰ ሄደ።

አምና ሐምሌ ላይ ታዲያ የሜዳው ኮሚቴ ባለሙያ ቀጠረ። ትሕትና ትባላለች፤ ካዲስ አበባ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ስለ ሣርና ስለ አትክልት ተምራ ተመርቃ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ የኖረች ናት። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ያየህ፣ ባለ ሩዝ መፈልፈያው፣ እኔው ፊት ነው የነገሯት። «ለመስቀል ካዲስ ዘመንና ከደብረ ታቦር ቡድኖች ይመጣሉ። ሜዳው እስከዚያ ከእንግጫ ከጸዳ በቋሚነት ትቀጠሪያለሽ። ካልጸዳ በመጣሽበት መንገድ ትመለሻለሽ፤ ከኛ ጋር ቅያሜ የለም።» ልጂቱ እሺ አለች። እኔ ግን በልቤ፣ ይችስ የመጣችው እንግጫውን ሳይሆን እኔን ልትነቅል ነው አልሁ።

በመጀመሪያው ቀን መቆፈሪያ ይዛ ገባችና አንዲት እንግጫ ከነአፈሯ አወጣች። ሥሯን አራግፋ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። ሥሯ ላይ ሽንብራ የምታክል፣ ጥቁር፣ ድቡልቡል ፍሬ አለች። ከሷ ክር በመሰለ ሥር ሌላ ፍሬ ተያይዟል፣ ከዚያም ሌላ።

«ጋሼ እንግዳው፣ ይዩት እስቲ። ሲነቅሉት የሚወጣው ላይኛው ነው። እነዚህ ከታች ይቀራሉ። ላዩ ሲነቀልባቸው የተኙት ሁሉ ይነቁና በአንዱ ፋንታ አራት አምስት ሆነው ይወጣሉ።»

«እና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳረባው ነበር በይኛ!»

ሳቀች። ክፋት የለባትም፣ አሁን ሳስበው የልጅ ሳቅ ነው። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። ጉልበቴ እስኪላጥ የተንበረከክሁበትን ሥራ ይች የትናንት ልጅ በአንድ ጭብጥ አፈር አፈረሰችው። ማታ ለሙናዬ ስነግራት፣ «እውነቷን ቢሆንስ?» አለችኝ። ሚስት ማለት እንዲህ ናት።

ነሐሴ ስምንት ቀን ጧት መድኃኒቱን አመጣች። እኔ የማውቀው መድኃኒት ጀሪካን ሙሉ ነው፣ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል። እሷ ያመጣችው የመድኃኒት ቤት ጠርሙስ የምታክል እቃ ናት። ውስጧ ዱቄት አለ። ከዚያች ዱቄት ደግሞ በትንሽ ሚዛን ለክታ፣ ጥፍር ላይ የምትቀር ያህል አነሳችና በጀርባ በሚታዘለው መርጫ ውስጥ ጨመረች። ቀጥሎ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረገችበት!

«ሳሙና?» አልኋት። «ሜዳውን ልታጥቢው ነው?»

«የእንግጫ ቅጠል ልሙጥ ነው፣ ጋሼ። ሳሙናው ካልያዘው መድኃኒቱ ተንሸራቶ ይወርዳል።»

«ዱቄቱስ ይችው ናት?»

«ይቺው ናት። እንግጫን ብቻ ነው የምትገድለው፣ ሰርዶውን አትነካውም። ግን ቀስ ብላ ነው። ቅጠሉን ሳይሆን ከታች ያለውን ፍሬ ነው የምትገድለው። ሦስት ሳምንት ምንም ላይታይ ይችላል። እባክዎን እስከዚያ አይታጨድ፣ ምንም ሌላ ነገር አይንካው፣ ሰውም ከብትም አይግባ።»

አሁን ፍረዱኝ። ሰርዶና እንግጫ ተቃቅፈው በበቀሉበት ሜዳ አንዱን ለይቶ የሚገድል፣ ሌላውን የሚምር ዱቄት! ያውም የማይሸት! ያውም ሦስት ሳምንት የማይታይ! እኔን የሸወደኝ ነጋዴም «ትንሽ ጠብቅ፣ ይሠራል» ነበር ያለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ነገሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀፈፈኝ።

ረጭታ ስትጨርስ መርጫውን አጥባ ለኔ ሰጠችኝ። «ይሄን ከርስዎ ሌላ ማንም እንዳይነካው። አደራ» አለችኝ። ይህም አልጣመኝም። ነገ የሆነ ነገር ቢመጣ መርጫው እንግዳው እጅ ነበር ለማለት ነው አልሁ። የተረፈውን ዱቄት ደግሞ እቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ለምን ትቆልፋለች? ከማን ነው የምትደብቀው?

እነሆ መከታተል ጀመርሁ። ስትገባ አያለሁ፣ ስትወጣ አያለሁ። በአምስተኛው ቀን ከቢሮ ስትወጣ በፌስታል የተቋጠረች ነገር ይዛለች። ራቅ ብየ ተከተልኋት። መናኸሪያ ገባች፤ ላዲስ አበባ ሾፌር ያችን ቋጠሮ ሰጠችው፣ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረችው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። አገኘሁሽ! አልሁ። የሜዳውን መድኃኒት አዲስ አበባ እየላከች ትሸጣለች፤ ለኛ ሳሙና ትረጭልናለች። ላቶ ያየህ ልነግር ብየ ነበር። ግን እሳቸው ራሳቸው እጃቸው ቢኖርበትስ? ተውሁት።

በየቀኑ ጧት ጧት ሜዳው ውስጥ እየተንጎራደድሁ እንግጫውን አያለሁ። ስድስት ቀን፣ አረንጓዴ። ስምንት ቀን፣ አረንጓዴ። አሥር ቀን ላይ ጫፉ ገርጣ ያለ መሰለኝ፤ ፀሐይ ይሆናል ብየ ተውሁት። «ኧረ ሦስት ሳምንት ብላ የለ?» ትለኛለች ሙናዬ። «አንተ እኮ የፈላ ውሃ እንኳ ተሠርቆ ይሆናል ብለህ ክዳን የምትከፍት ሰው ነህ!»

ነሐሴ ሃያ ቀን ትሕትና ለኮሚቴው ጉዳይ ለሁለት ቀን ደብረ ታቦር ሄደች። እኔም ቤቴ ገብቸ ከአልጋው ሥር አንዲት ጥቁር ጠርሙስ አወጣሁ። የሚስቴ ወንድም የኔነህ የሩዝ ማሳውን ድንበር ከማረሱ በፊት የሚረጨው መድኃኒት ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ያነዳል። እሱን አምነዋለሁ፤ በሳምንቱ ድንበሩን ሲያደርቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ሙናዬ በር ላይ ቆመች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እንግጫውን ላጠፋው ነው። ይች ልጅ በሳሙና ስታሾፍብን ዝም ልል ነው?»

«ሰርዶውስ?»

«ሰርዶ ይሞታል እንዴ? ሰርዶ እኮ ነው!»

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ!» ብላኝ ገባች።

መርጫውን አራት ጊዜ ሞላሁ። ለአንዱ ሙሊት አንድ ክዳን ነው የሚባለው፤ ነጋዴ ውሃ ሳይቀላቅልበት አይቀርም ብየ ሦስት ሦስት ክዳን አደረግሁበት። እናንተው ፍረዱ፣ አምነዋለሁ ያልሁትን መድኃኒት እንኳ አላመንሁትም። ሜዳውን ሁሉ ዳር እስከ ዳር አዳረስሁት፤ በስተ ሰሜን ካለው ጎል ኋላ ብቻ አለቀብኝና አንዲት መደብ ታህል መሬት ቀረች። ጠርሙሱን ሽንት ቤት ጣልሁት። መርጫውን አጠብሁ። እሰይ፣ አሁን ሥራ ተሠራ ብየ ተኛሁ።

ትሕትና ስትመለስ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ቢጫ አለ። ከዚያ ወየበ። ነሐሴ ሲያልቅ ሰርዶ ሜዳ ክረምት እምብርት ላይ የጥር ሣር መሰለ፤ ዙሪያው ያለው የሩዝ ማሳ ለምልሞ፣ መካከሉ ላይ ያ ሜዳ ጭድ ሁኖ። ሰው ባጃጅ እያስቆመ ያይ ጀመር።

ልጂቱን ሜዳው መካከል ተንበርክካ አገኘኋት። ደብተሯ ጭኗ ላይ ነው። ያን ዕለት የለካችውን ቁጥር ታባዛለች፣ ታካፍላለች፣ ትሰርዛለች፣ ደግማ ትጽፋለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሰርዶን አይነካም እኮ! ምን አድርጌ ነው?» ቀና ብላ አየችኝና፣ «እኔ ሳልኖር ማንም አልገባም፣ አይደል?»

«ማን ይገባል? እኔ እያለሁ!» አልኋት።

አመነችኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔ ደግሞ እንዲያውም፣ ይች ልጅ አውቃብኝ ይሆን፣ ልታወጣጣኝ ይሆን እያልሁ ስጠራጠራት ዋልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ነው። ልጆች ከውጭ የለጓትን ኳስ ፍለጋ ከሰሜኑ ጎል ኋላ ሄድሁ። ያች ሳልረጫት የቀረችው መሬት ላይ ስደርስ ቆምሁ። ሰርዶው ለምለም ነው፣ እግር ይለሰልሳል። እንግጫው ደርቋል። አንዱን ሳብ ባደርገው ከነሥሩ ተከትሎኝ መጣ። ያችን ጥቁር ፍሬ በጣቴ ብጫናት ፈረሰች፤ በስብሳለች። ሌላ ነቀልሁ፤ እሱም በስብሷል። አምስት፣ ስድስት፣ አሥር ነቀልሁ። ያልበሰበሰ አላገኘሁም። ወደ ሜዳው ደግሞ ዞር ብል፣ በሞተው ሰርዶ መካከል አዲስ እንግጫ ብቅ ብቅ ብሏል። የኔ መድኃኒት ሰርዶውን ገድሎ እንግጫውን ከላይ ነው የላጨው። የሷ ዱቄት ሊጨርሰው የነበረውን ሥር ቅጠሉን ቀድሜ አቃጥየ አዳንሁት።

እዚያው ቁጭ አልሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ማታውኑ መናኸሪያ ሄጀ ያን ሾፌር ፈለግሁት። «ያች ልጅ የሰጠችህ ቋጠሮ ምን ነበር?» ብየ ብጠይቀው፣ «ጥቁር አዝሙድ ነዋ! ለናቷ። የፎገራ ይሻላል ብላ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ኮሚቴው ሜዳው ላይ ባለው ቢሮ ተሰበሰበ። አቶ ያየህ በወንበራቸው፣ በአጠገባቸው የኮሚቴው አባል መሪጌታ ተክለ ማርያም፣ ትሕትና ደግሞ ደብተሯን ይዛ ቁማ። አቶ ያየህ አላስረዘሙትም። «ሜዳችንን ሰጠንሽ፣ አቃጠልሽው። የመስቀሉ ጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ስሌቴ ትክክል ነበር። ምን እንደተፈጠረ ግን አላውቅም» አለች።

ተነሣሁ። «አቶ ያየህ፣ እኔ ነኝ» አልሁ። «እሷ ምንም አላጠፋች። እኔ ነኝ ሌላ መድኃኒት የረጨሁበት፣ ደብረ ታቦር ስትሄድ። የሩዝ ድንበር ማቃጠያ ነው፤ ሦስት ሦስት ክዳን።»

ትሕትና ብቻ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ አቶ ያየህ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«እንግዳው! አንተ? ለገዛ ወንድምህ ምስክር ቁም ብትባል መጀመሪያ መታወቂያውን የምትጠይቅ ሰው፣ ላንዲት መጤ ልጅ ብለህ ጥፋት ልትሸከም? ምን አቅምሳህ ነው?»

«ምንም አላቀመሰችኝ! እውነቴን ነው!»

«ጠርሙሱ የት አለ?»

«ሽንት ቤት ጣልሁት።»

«ሽንት ቤት!» ብለው ጭናቸውን መቱ።

«ኑና ከሰሜኑ ጎል ኋላ እዩ እንግዲህ! የሷ መድኃኒት ብቻ ያረፈባት መሬት አለች። ሰርዶው ለምለም ነው፣ እንግጫው ከሥሩ በስብሷል።»

ሄደው አዩ። አቶ ያየህ የነቃቀልኋቸውን እንግጫዎች በጫማቸው ገፋ አደረጓቸው። «ይችማ አንተ በእጅህ ያረምሃት ናት። ይኸው ነቅለህ ክምር አድርገሃል። ማስረጃ ስትሠራ እንኳ አትችልበትም፣ ወንድሜ።»

«ቁሐር ሚካኤልን! እኔ ነኝ!» ብየ ማልሁ።

መሪጌታ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ» አሉኝ በለሆሳስ። «የሰው እንጀራ ለማዳን መሻትህ መልካም ነው። በሐሰት መማል ግን ኃጢአት ነው። ነገ መጥተህ ንስሐ ግባ።»

«አባቴ፣ በሐሰት አይደለም እኮ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያሉ ትከሻየን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። እንዴት ብየ ላስረዳቸው? ከኮሚቴው አንዱ ጉቦ በልቷል አለ፣ ሌላው አዘነላት አለ። ኃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ሳላምን ኑሬ፣ ባንዲት ቀን እንዲያምኑኝ ፈለግሁ።

አቶ ያየህ ቢሮ ተመልሰው አንድ ወረቀት አወጡ። ልጂቱ ሥራ በጀመረች በወሩ ለኮሚቴው የጻፈችው ሪፖርት ነው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «መርጫውን በአደራ የሰጠሁት ለጋሼ እንግዳው ነው። ሜዳውን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። እሳቸው ባሉበት ያለ ትእዛዝ ምንም ነገር አይነካም። ስለ እሳቸው እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ።» ወረቀቱን አጠፉት። «ይኸው እጇ፣ ይኸው ፊርማዋ። ራሷ መስክራልሃለች። አንተ አልነካህም ብላለች፣ አለቀ!»

ትሕትናን አሰናበቷት። እኔን አላሰናበቱኝም። እንዲያውም «ደግ ሰው ነህ» አሉኝ።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ሻንጣዋን ከቢሮው ጥግ አውጥታ ይዛለች፤ አስቀድማ ጠቅልላ ነበር ማለት ነው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መቼ ነው የረጩት? የኔው ከተረጨ ስንት ቀን ሆኖት ነበር?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

አንገቷን ደፍታ በጣቷ ቆጠረች። «ሌላ አንድ ሳምንት ብቻ» አለች ለራሷ። ከዚያ ቀና አለች። «ቢሮ ውስጥ መናገር ከጀመሩበት ጊዜ ጀምሮ አምኜዎታለሁ፣ ጋሼ። ሰርዶው ከሥሩ አልሞተም፤ አይቆፍሩት፣ ጥቅምት ላይ ይወጣል።»

«ትሕትናየ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ። እዚያ ወረቀት ላይ እንደዚያ ብለሽ ለምን ጻፍሽ? እኔን ሳታውቂኝ?»

«መስለውኝ ነዋ» አለች። ባጃጅ አስቆመች፣ ሻንጣዋን ጫነች፣ ራሷም ገባች። ሊንቀሳቀስ ሲል ራሷን አውጥታ፣ «እናቴ ሁልጊዜ ሰው አትመኚ ትለኝ ነበር» አለችኝ። «እጣላት ነበር። አሁን ስደርስ እውነትሽን ነው እላታለሁ።»

ባጃጁ ሄደ። በነጋታው ልጃገረዶቹ እንግጫ ሊነቅሉ እየዘፈኑ መጡ፤ በሩን ከፈትሁላቸው።